የመጀመሪያዋ ሲጋራ

የምግብ አብሳይዋ አባት የማይተዉዋት አንድ ወግ ነበረቻቸው። ወደ ምግብ ቤታቸው የኋላ ክፍል ቀድሞ ለገባ እንግዳ ሲጋራውን የሚለኩሱለት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ላይተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቀጭ ያደርጉና «ቤታችን ተከፈተ» ይላሉ። ሰፈሩ የዘናጮች ሰፈር ነው፤ ሠዓሊውም ጋዜጠኛውም እዚያ ጭስ ውስጥ ለመቀመጥ ይሻማ ነበር።

ከዚያ ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ የሚከለክል ደንብ ወጣ። ሰፈሩ ባንዴ መልኩን ለወጠ። ጎረቤት ምግብ ቤቶች መጋረጃቸውን ገፍፈው ወንበራቸውን ወደ በረንዳ አወጡ፤ ድሮ በዚያ መንገድ ዝር የማይሉ ልጅ ያዘሉ እናቶች በምሳ ሰዓት መቀመጫ ያጡ ጀመር። አባቷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የኋላውን ክፍል መስኮቶች በፕላስተር አሽገው፣ ወፍራም መጋረጃ ጋርደው፣ ለሚያምኑት ደንበኛ ብቻ መክፈት ያዙ። ሌላ የሚጨስበት ቤት ስለጠፋ ክፍሉ ከበፊቱ የበለጠ ይሞላ ነበር። አንድ ምሽት እንዲያውም ጠረጴዛ ለመጨመር ብለው ከባዱን አግዳሚ ወንበር ገፍተው ከግድግዳው ጋር አጣበቁት።

ልጃቸው የቤቱ ምግብ አብሳይ ናት። ጭስ ውስጥ አድጋ ሽታ የሚባል ነገር ከራቃት ቆይቷል፤ የምታበስለው በምላሷ፣ በዓይኗና በጆሮዋ ነው። የጎደለውን የሚሞላላት አስተናጋጁ ነበር። ሽንኩርቷ ሊያርርባት ሲል ሳሎን ሆኖ ያውቃል። «አፍንጫው» ብላ ስም አውጥታለታለች፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ በኋላ ግን ስትጠራው ድምፅዋ እየለሰለሰ መጣ። እሱም ሳህን ሊቀበል ሲመጣ ከሚያስፈልገው በላይ ይቆማል። ይዋደዳሉ። አባቷ ይህ ነገር አልጣማቸውም፤ የማያጨስ አስተናጋጅ የሰው ሆድ አያውቅም ይላሉ።

አግዳሚው በተገፋ ማግስት ዝናብ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አፍንጫው የኋላውን ክፍል ጠረጴዛዎች አልብሶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋዝ ይሸታል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ክፍሉ ድሮ ማብሰያ ስለነበር ከጓሮው ሲሊንደር የሚመጣው የጋዝ ጎማ ዛሬም በግድግዳው ግርጌ፣ ከአግዳሚው ኋላ ያልፋል። ሄዳ ተንበረከከች፤ አየሩን ደጋግማ ሳበች። ምንም።

ለአባቷ ሲነገራቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም። ጎረቤት ያለው ምግብ ቤት አፍንጫውን የአስተናጋጆች አለቃ ሊያደርገው እንደጠራው ሰምተዋል፤ ቤቴን ልታዘጋ የተገዛህ ነህ አሉት። እሷ ይህን አልሰማችም ነበር። ክው አለች።

«እውነት ነው?»

«ጠርተውኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ትቼ ስለማልሄድ፣ የሚነገር አልመሰለኝም።»

አባቷ ሽርጡን አውልቆ እንዲወጣ አዘዙት። እሱ እሷን አያት። እሷ መሬት መሬቱን አየች፤ ያ ዝምታ ከአባቷ ቃል ይልቅ እንደጎዳው ገብቷታል። ሽርጡን አጣጥፎ አስቀመጠው።

«እኔን ባታምኚኝም ግድ የለም» አላት። «ሳሙና በጥብጠሽ ጎማውን ቀቢው። ዓይንሽን ታምኚያለሽ።»

እሱ እንደወጣ፣ እንደ አባቷ ጭስ አፍንጫቸውን ያደነዘዘባቸው እንግዶች ጥላቸውን እያራገፉ ገቡ፤ አባቷ መጋረጃውን ከፍተው ወደ ኋላ መሯቸው። ምድጃዋን አጠፋችና ሳህን ውስጥ ሳሙና በጠበጠች። እንግዶቹ እየተገረሙ እግራቸውን ሲሰበስቡላት አግዳሚውን ስባ በስፖንጅ ጎማውን አረጠበችው። ለጊዜው ምንም አልታየም። ከዚያ የአግዳሚው እግር ተጭኖት ከነበረው ቦታ ላይ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ አበጠችና ፈነዳች። ሌላ ተከተለቻት፤ ከዚያም ሌላ።

ከራሷ በላይ የአባቷ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ሲገባ ሰማች።

«ቤታችን...» ብለው ጀመሩ።

ተወርውራ የተጨበጠ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ፣ እንዳትለኩሰው።»

ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው ዓይናቸው ጎማው ላይ ወደቀ። አረፋው ሕፃን እንደሚነፋው ዓይነት ማበጡን አላቆመም። ላይተሩን ከጣቶቻቸው መሃል ቀስ አድርጋ ወሰደችው፣ እንግዶቹን አስወጣች፣ ሲሊንደሩን ዘጋች፣ ፕላስተሩን ከየመስኮቱ ገሽልጣ ጣለችው። አባቷ ደጅ ወጥተው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ፤ ድንገት ያረጁ መሰሏት።

እሱ ከመንገዱ ማዶ ነበር። የጎረቤቱ ምግብ ቤት በር አጠገቡ ተከፍቶ እያለ አልገባም፤ በስብሶ የእነሱን በር ያያል። ሮጣ ተሻገረች።

«አረፋ ሠራ» አለችው።

ያልታጠበ እጇን ያዛት።

«ሽታው አልመጣልሽም፤ ምን ታደርጊ» አላት።

«አንተን ግን አውቅሃለሁ» አለች።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። አግዳሚው በረንዳ ላይ ነው፤ አባቷ ያልተለኮሰ ሲጋራ በከንፈራቸው ይዘው ይቀመጡበታል። አንዳንዴ እጃቸው ሳያውቁት ኪሳቸው ይገባና ባዶውን ይወጣል። በዚያ ቤት ጠዋት ቀድሞ የሚገባው አፍንጫው ነው። ጉንፋን ከያዘው ምድጃ አይለኮስም፤ ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ።

«ምንም አይሸትህም?» ትለዋለች ከበሩ ሆና።

«ምንም።»

ገብታ በአንድ እጇ የእሱን እጅ ትይዛለች፣ በሌላው የአባቷን ላይተር ቀጭ ታደርጋለች። የምድጃው ነበልባል ሰማያዊ ሆኖ እስኪረጋ ሁለቱም አይተነፍሱም።