የተደፈነችው ስርጉድ

ዘመናትን የፈጠረ፣ የተሰወረውንም የሚያይ እግዚአብሔር ያውቃል... ይህ የምነግራችሁ ነገር በእርግጥ ሆኗል።

ሰውን ለማስደንገጥ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ከባለታሪኳ አንደበት የወጣ፣ በታላቅ እህቷም የተመሰከረ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ በእናቲቱ አልጋ ላይ ተዘርግታ ነበር።

ከመነሻው ልጀምር።

ሴቲቱ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ሁሉ የሚጠራት በሥራዋ ነው፤ እናቷ ግን «ስርጉዴ» ትላታለች። በግራ ጉንጯ ላይ፣ ከተወለደች ጀምሮ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ስርጉድ ነበረቻት።

እናቲቱ የዓይኗ ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ልጆቿን የምትለየው በመዳሰስ ነው። ታላቂቱን በሰፊ ግንባሯ ታውቃታለች። ታናሺቱን ግን በዚያች ስርጉድ። አውራ ጣቷን እዚያ አሳርፋ፣ ድምፅ እንኳ ሳትሰማ፣ «መጣሽ?» ትላታለች።

እናቲቱ የምትኖረው ከታላቂቱ ዘንድ፣ በሌላ ከተማ ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ አንዲት ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳውን የሸፈነ መስታወት። ቀኑን ሙሉ ከሙሽሮች እግር ሥር ተንበርክካ የቀሚስ ጫፍ ታስተካክላለች፤ ቀና ባለች ቁጥር ከራሷ ፊት በላይ አንድ የሃያ ዓመት ፊት ታያለች።

ዕድሜዋ አርባን ሲሻገር ጉንጯ ጎደጎደ።

«እትዬ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አለቻት አንዲት ሙሽራ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ፊትሽ ከሳብኝ። አይክፋሽ እሺ?»

«ምን ይከፋኛል» አለች።

ከፋት።

ከሱቋ በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ የጎደጎደ ፊት በመርፌ የምትሞላ አንዲት ባለ መርፌ ነበረች። ሐኪም አይደለችም። ነጭ ጋዋን ትለብሳለች፤ ነጭ ጋዋን ግን ሥጋ ሻጭም ይለብሳል።

«ይሄ የምትወጊኝ ነገር እስከ መቼ ይቆያል?» ብላ ልብስ ሰፊዋ ጠየቀቻት።

«ጊዜያዊውማ ዓመት አለፍ ሲል ቀልጦ ይጠፋል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የኔ ግን ቋሚ ነው፣ እህቴ።»

ቋሚ...

ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሁሉ በጊዜያዊ ነገር የኖረች ሰው ናት። የኪራይ ቤት፣ የኪራይ ሱቅ፣ ሠርጋቸው ሲያልፍ የሚረሷት ደንበኞች። «ቋሚ» የሚለው ቃል ለጆሮዋ የክብር ቃል ነበር፤ ቋሚ ሠራተኛ፣ ቋሚ አድራሻ እንደሚባለው። ቋሚ ማለት ሂድ ቢሉት የማይሄድ ማለትም እንደ ሆነ አላሰበችም።

ልብስ ስትሰፋ አስቀድማ በላላ ስፌት ታያይዛለች፤ ካልተስማማ ክሩን ትመዛለች። ለገዛ ፊቷ ግን ክሩ ይመዘዝ እንደ ሆነ አልጠየቀችም።

ባለ መርፌዋ ጉንጯን በጣቷ እየነካች፣ «ይቺንስ ጉድጓድ? ልድፈናት?» አለች።

«ስርጉዴ እኮ ናት።»

«በአንድ ጎን ብቻ ምን ትሠራለች? አይመጣጠንም።»

አለመመጣጠን ልብስ ሰፊ የሚወደው ነገር አይደለም።

«በይ ድፈኛት» አለች።

መርፌው የተሞላበት ጠርሙስ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም።

መጀመሪያ ያያት ሁሉ አደነቃት። የስፌት ክር የሚያመጣላት ነጋዴ፣ «እናትሽ የሉም እንዴ? ሱቁን ላንቺ ትተው ሄዱ?» እያለ ቀለደባት። ሳቀች። በደስታ ወደ እናቷ ተጓዘች።

ታላቅ እህቷ በር ላይ ተቀብላ፣ «ምነው፣ ፊትሽ እንደ ትራስ ተነፋ?» አለቻት።

«ዝም በይ፣ እማዬ ትሰማለች።»

እናቲቱ እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ በግራ ጉንጭ ላይ ወጣ፣ ወረደ... ተንሸራተተ።

«ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ስርጉዴ።»

«ድምፅሽን ሰማሁት...» አለች አሮጊቷ። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «ልጄን የት አደረግሻት?» አለቻት።

ታላቂቱ ሳቀች። እርጅና ነው አለች።

ሰው «ፊት ነሱኝ» ብሎ ያማርራል። ይህቺ ሴት ግን ለእናቷ የነፈገችው የገዛ ፊቷን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በስልክ እንጂ በአካል አልሄደችም።

ዓመታት አለፉ። ጥርሷን አመማትና ጉንጯ አበጠ። ጥርሱ ዳነ... እብጠቱ ግን ቀረ። በጨርቅ ሥር እንደ ተረሳ አዝራር ጠንካራ ነበር። ቀዝቃዛም ነበር። በካውያ ሙቀት መካከል ሆና እንኳ ይቀዘቅዛል።

ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትሠራለች። አንድ ቀን ከላይዋ የቆመችው ሙሽራ ጮኸች።

«እትዬ! ስፒሉ!»

በመስታወቱ አየች። ስፒሉ እስከ ራሱ ድረስ በከንፈሯ ውስጥ ተሰክቷል።

መዘዘችው። ደም አልወጣም።

የወጣው ጥርት ያለ ጠብታ ነበር። በቀዳዳው አፍ ላይ ቆመ... ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

«ምንም አላመመኝ» አለች፣ ለማረጋጋት።

«እኔን ግን አመመኝ!» አለች ሙሽራይቱ፤ ቀሚሱን አውልቃ ሄደች። ተመልሳም አልመጣች።

ልቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ይገላምጣት ጀመር። እንባዋ ይፈስሳል፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ማለዳ ደግሞ በመስታወት ፊት ቆማ ሳለች... በቀኝ ጉንጯ ላይ ስርጉድ አየች።

በቀኝ ጉንጯ ኖሮባት አያውቅም።

ደግሞም እየሳቀች አልነበረም።

ወደ ሐኪም ሮጠች። «ያውጡልኝ። እናቴ ሳትሞት በፊቴ ልታውቀኝ ይገባል።»

ሐኪሙ ጉንጯን እየዳሰሰ አዘነላት። «ጊዜያዊው ቢሆን ኖሮ፣ አንዳንዱን የሚያሟሟ መድኃኒት ነበረን። ይሄኛው አይሟሟም። ከሥጋዎ ጋር ተጣብቋል፤ ነቅዬ ላውጣው ብል ፊትዎን ይዞ ይመጣል። እብጠቱን ለማስታገስ እንሞክር።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? የኔስ ምንድን ነው?»

ሐኪሙ ፈገግ ሊል ሲል ድንገት ጣቱን ከቀኝ ጉንጯ ስርጉድ በኃይል ነጥቆ አወጣ። ጣቱን አየው። በጋዋኑ ጠረገው።

«ምነው?»

«ምንም» አለ። ዳግመኛ ግን አልነካትም።

ወደ ባለ መርፌዋ ወጣች። በሩ ተቆልፏል። አንኳኳች። ከውስጥ፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ፣ ሹክሹክታ መጣ።

«ማን ነው?»

«ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ክፈቺልኝ።»

«አልችልም።»

«ፊቴ...»

«አውቃለሁ። ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?»

«ይቀዘቅዛል።»



«እንግዲያው ያንቺ ገና ነው። የኔ ሞቋል» አለች ባለ መርፌዋ። እያለቀሰች ነበር።

በዚያው ሳምንት እህቷ ደወለች።

«እማዬ እየደከመች ነው። ሁላችንንም መረቀችን። አንቺ ብቻ ቀረሽ። ስርጉዴን ሳልመርቅ አልሄድም ብላ ነፍሷን ይዛ ነው።»

«ባታውቀኝስ?»

«ነይ አንቺ! እናት ልጇን ታጣለች?»

ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአልጋው ጎን ተንበረከከች። ከዚህ በፊት የተንበረከከችው ሁሉ ለሙሽሮች ነበር።

«ቅረቢኝ» አለች እናቲቱ።

አውራ ጣት በግራ ጉንጭ ላይ አረፈ። ወደ ላይ ፈለገ። ወደ ታች። አሮጊቷ ግንባሯን ቋጠረች።

«የለችም...»



ጣቱ በከንፈሯ ላይ ተሻገረ። ወደ ቀኝ ሄደ። እዚያ...

ገባ። ልክ እንደ ተሠራለት።

የእናቲቱ ፊት በራ። «ይኸውና! አወይ እርጅና! ግራና ቀኙ ጠፍቶኝ እኮ ነው። ይቅር በዪኝ ልጄ፣ ልረሳሽ ነበር።»

አይደለም እማዬ፣ ልትል ፈለገች። እዚያ ጋ ያለችው እኔ አይደለሁም...

ግን ምርቃቱን ፈለገችው። በማንም ፊት ይምጣ ብቻ፣ ፈለገችው። ዝም አለች።

«እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም» አለች እናት። «የለፋሽበትን ብዪ። ካሰብሽው ድረሺ። ያንቺን ፋንታ ሌላ አይውሰደው።»

ልጅ አሜን ልትል ሞከረች። ከንፈሯ አልታዘዛትም። እንደ ተሰፋ ተጋጥሞ ቀረ።

«አሜን።»

ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ነበር። ደስ ያለው ድምፅ።

ታላቂቱ ከበሩ ላይ፣ «ማን ነው የመለሰው?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። አፏ እንደ ተዘጋ ነው።

እናቲቱ ረክታ ተነፈሰች። ያ ትንፋሽ የመጨረሻዋ ሆነ።

እጇ ግን ከጉንጩ አልወረደም። ታላቂቱ መጥታ፣ እያለቀሰች፣ ልታላቅቀው ሳበችው። የእናቲቱ ክንድ ዝሏል፤ ጣቶቿም ሁሉ ተዘርግተዋል። አውራ ጣቷ ብቻ አልወጣ አለ።

ሁለቱ እህቶች ተያዩ።

የያዘው... የሟቿ እጅ አልነበረም።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ። የእናታችሁ ምርቃት መንገድ ሳይስት ከእናንተ ይድረስ። የተፈጠራችሁበትን መልክ የሚያውቅ እጅ ከደጃችሁ አይጥፋ። ልጆቻችሁም በጨለማ ቢዳስሷችሁ፣ የሚያገኙት እናንተን ይሁን።