ከጠጅ ጉድጓድ የተሰማ ጥሪ

ኢንስፔክተር ሸጊቱ ስትደርስ የብርጓል ገና ከጉድጓዱ አልወጣችም ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ከተሠራው ቤቷ ጓሮ፣ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይ የተገነባ መጥመቂያ ነበራት። ከደረጃው ግርጌ፣ በጠጅ በርሜሎች መካከል፣ በግንባሯ ተደፍታ ትታያለች። ጎረቤት ግቢውን ሞልቶ ያለቅሳል፤ የሚወርድ ግን የለም። ባሏ ጌቱ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ሊያወጣት ወርዶ ነበር፤ ራሱን ስቶ ጎትተው አወጡት። አሁን ግድግዳ ተደግፎ ያስመልሰዋል።

«የባዕድ ነገር ስታቦካ ኖራ፣ መጨረሻዋ ይኸው!» አሉ አንዲት አሮጊት።

የብርጓል ማረፍ የማታውቅ ሴት ነበረች። ዶርዜ ወርዳ ቆጮ ሲቀበር አይታ፣ አገሯ ተመልሳ የድንች ሊጥ በኮባ ጠቅልላ ቀበረች። ኮንሶ ጨቃ የሚሉትን የእህል መጠጥ ጠጥታ መጥታ፣ ገብስን ከጮቄ ማር ጋር ጠመቀች። ድንቹን የቀመሰ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ የገብስና የማሩን ጠጅ የቀመሰ ግን ተመልሶ መጣ።

ሸጊቱ ጧፍ አስለኮሰችና በሽቦ አስራ ወደ ታች አወረደችው። ከወለሉ ወገብ ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ጧፉ እልም አለ።

«ጠጁ ሲፈላ የሚወጣው አየር ነው» አለች። «ከባድ ስለሆነ እታች ይተኛል፤ የገባበትን ያፍናል። ይሄ ቤት መተንፈሻ የለውም?»

«አለው እንጂ!» አለች የሟቿ የሥራ ሸሪክ ማርቲ። «ከወለሉ ተነሥቶ ከተዳፋቱ በታች የሚወጣ ቱቦ አለ። ‹ጉሮሮው› ነበር የምትለው። ደግሞ ጧፍ ሳታበራ ወርዳ አታውቅም።»

ቱቦው ከውጭ በጆንያ ተጠቅጥቆ ተገኘ። ጆንያው ተነቅሎ፣ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ሬሳው ወጣ። አጠገቧ ጧፍ አልነበረም። አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ጫማዋ ከላይኛው ደረጃ ላይ ወድቋል። ሸጊቱ ጫማውን አንሥታ ጥቂት አየችው። የብርጓል ሮጣለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቿን ታናሽ ወንድም መሳፍንትን ነበር። አዲስ አበባ በትልቅ ሆቴል ዋና ሼፍ ነው፤ የመጣው ትናንት ነው።

«ያገኘኋት እኔ ነኝ» አለ እንባው እየወረደ። «ከከተማ ስመለስ ብጠራት ዝም አለች። ወርጄ አቅፌ ቀሰቀስኳት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረግሁላት። አልነቃ ስትለኝ ወጥቼ ‹ድረሱልኝ!› አልሁ።»

«ቱቦውስ?»

«ብርድ ገብቶ ጠጁ መፍላቱን እንዳያቆምባት ራሷ ደፍናው ይሆናል። እናት ሆና ያሳደገችኝ እህቴ ናት፣ ኢንስፔክተር!»

ጌቱ ግድግዳውን እንደተደገፈ ተናገረ። «ትናንት ተጣልተናል። ‹ይሄ ጉድጓድ ይብላሽ› ብያታለሁ። ጎረቤት ሰምቷል፤ አልክድም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ቤት አትውልማ! አንዴ ዶርዜ፣ አንዴ ኮንሶ። እኔ ለሷ ምኗ ነበርሁ?»

አጥር የሚጋሩት ከዲማ የመጡት የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው።

«የኔታ፣ ጩኸት ሰምተዋል?»

«ሁለት ጊዜ። የወንድ ድምፅ ነው። የፊተኛው ታፍኖ፣ ከመሬት ሥር እንደሚወጣ ሆኖ ስለመጣ የማን እንደሆነ አልለየሁትም።»

«ምን አለ?»

«ኋላ ‹ድረሱልኝ› አለ። በፊት ግን ‹ድረሺልኝ› ነው ያለው።»

«አልተሳሳቱም?»

«ልጄ፣ ‹ሱ›ን ከ‹ሺ› ካልለየሁ ምኑን ቅኔ አስተማርሁት?»

ሸጊቱ ማርቲን ለብቻዋ ወሰደቻት። «የብርጓል ከወንድሟ ጋር እንዴት ነበረች?»

«በስልኳ ቪዲዮ አየችው» አለች ማርቲ። «የገብስና የማሩን ጠጅ ይዞ ‹የፈጠርሁት እኔ ነኝ› ይላል። ሹመቱን ያገኘውም በዚያ ነው። ቅዳሜ የሆቴሉ ሰዎች መጥመቂያውን ሊያዩ ይመጣሉ።» ከዚያም ወደ ጆሮዋ ተጠግታ ሌላ ነገር ነገረቻት። የሸጊቱ ፊት ጠቆረ።

ሸጊቱ ሁሉንም ሬሳው በተጋደመበት በረንዳ ሰበሰበቻቸው።

«ሬሳ ያገኘ ሰው ጎረቤቱን ‹ድረሱልኝ› ይላል» ብላ ጀመረች። «‹ድረሺልኝ› የሚባለው በሕይወት ላለች አንዲት ሴት ነው። የብርጓል ያን ሰማች። ድምፁ ከጉድጓዱ ስለወጣ የምትወደው ሰው እታች የወደቀ መሰላት። ጧፍ ሳታበራ፣ ጫማዋ እየወለቀ ሮጠች። ጠሪው ግን እታች አልነበረም። አስቀድሞ ቱቦውን ደፍኖ አየሩን አጠራቅሟል፤ ከዚያ ጆንያውን ነቅሎ በቱቦው ጮኸ፤ መልሶም ጠቀጠቀው።»

ዐይኖች ሁሉ ወደ ጌቱ ዞሩ።

«ጌቱ ረግሟታል» አለች። «ግን ሊያወጣት ወርዶ ሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ቱቦውን የደፈነ ሰው እንደዚያ አይገባበትም። መሳፍንት ደግሞ ወርዶ፣ አቅፎ፣ ፊቷን ጠርጎ ምንም ሳይሆን ወጣሁ ይላል። ጧፍ በሚጠፋበት ቦታ ተንበርክኮ የሚያለቅስ ሰው የለም። አልወረድህም፣ መሳፍንት። እታች ያለውን ታውቅ ነበር።»

መሳፍንት ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ፖሊሶች ቆመዋል።

«ቅዳሜ ‹የኔ ነው› ልትላቸው ነበር» አለ። «በሰው ፊት ሌባ ልባል ነበር።»

«ማርቲ፣ ንገሪው» አለች ሸጊቱ።

ማርቲ አላየችውም። «ሰኞ ለታ ለሆቴልህ ደውላ ነበር። ‹የፈጠረው ወንድሜ ነው፤ እኔ ጠማቂዋ ነኝ› አለቻቸው። ‹ለምን ዋሸሽ?› ስላት፣ ‹እኔ ሌላ እፈጥራለሁ፤ እሱ ሌላ የለውም› አለችኝ።»

ጌቱ ከተቀመጠበት ሲነሣ መሳፍንትን ሊመታው መስሏቸው ሰዎች ተንቀሳቀሱ። እሱ ግን የሚስቱን የተገለጠ እግር በጋቢው ሸፈነና ተመልሶ ተቀመጠ።

ቅዳሜ የሆቴሉ ሰዎች መጥተው የለቅሶ ድንኳን አገኙ። ከመካከላቸው አንዱ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ፣ እያፈረ፣ «አጠማመቁን የሚያውቅ ሰው ቀርቷል?» ሲል ጠየቀ።

ከመጀመሪያው በርሜል ጀምሮ አብራት የጠመቀችው ማርቲ «የለም» አለችው። ከዚያም ወርዳ ጠጁን በባልዲ እያወጣች ተዳፋቱ ላይ ደፋችው።