ኮቴና ተረከዝ

የሐቅሊያ ሰባት ሺህ ምንጮች በአንድ ጧት ጸጥ አሉ። ሰባት ሺህ የተባለው ለአንባቢ ትዕግሥት ሲባል ነው፤ ትንንሾቹን ሊቆጥር የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ታላቁ ፏፏቴ በገደሉ ወገብ ላይ ተቋረጠ። ዓሦች በወንዙ አሸዋ ላይ ተጋድመው ሰማዩን ታዘቡት። ሕዝቡ ወደ ቤተ መቅደሱ ቢሮጥ፣ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ በመሠዊያው ላይ የኖረችው ሰማያዊት ድንጋይ፣ የምንጮች እናት፣ ከስፍራዋ የለችም።

የቤተ መቅደሱ ዘበኛ ድርሳም የሚባል ሽማግሌ ነበር። በዚያች ጧት ጭጋጉ እጅን እንኳ አያሳይም ነበርና ያየው ነገር አልነበረም፤ የሰማው ግን ነበር። ወለሉ ጥቁር ወጥ ድንጋይ ነው፤ ኮቴ ከነካው በሦስት አውራጃ ያሉ ውሾች ይጮኻሉ። ድርሳምም በችሎት ፊት ቆሞ ኮቴ መስማቱን ተናገረ።

በሐቅሊያ ምድር በሰውና በእንስሳ መካከል የቆሙ ሁለት ፍጥረቶች ነበሩ። አንደኛዎቹ ሰብአ ፈረስ ይባላሉ፤ ከወገባቸው በላይ ሰው፣ ከወገባቸው በታች ፈረስ ናቸው። መልካቸው ያማረ፣ አንደበታቸው የተባ፣ በንጉሥ ግብር ላይ የከበሩ ነበሩ። ሁለተኛው ግን ብቻውን ነው። በጎርፋ ዋሻ የሚኖረው ሰብአ ላህም የበሬ ራስና የበሬ ቀንድ አለው፤ መናገር አይችልም። ከአንገቱ በታች ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አልነበረም፤ ቀንዱን ከቋጥኝ በላይ ያየ ሁሉ የቀረውን ለማየት አልቆየምና።

የአገሩ ሕግ በገዛ ፊት መማል ነው። የሚምል ሰው ግንባሩን ነጭ አመድ ተቀብቶ «ፊቴ ዋሴ» ይላል፤ የሰው ፊት ያለው ቃሉ ይታመናል፣ የሌለው እንደ አውሬ ይቆጠራል። የሰብአ ፈረሶች አለቃ ራስ ሐርመን ማንም ሳይጠራው ቀድሞ መጣ፤ አመዱን ተቀብቶ ወገኖቹ ከስርቆቱ ንጹሕ ናቸው ብሎ ማለ። ችሎቱም አመነው። ታዲያ ኮቴ ያለው ማን ቀረ? ቀንድ ያለው ሁሉ ኮቴ አለው ብለው በሰብአ ላህም ፈረዱ።

ሀብት ያስጠፋ ዘበኛ ደግሞ በአርባኛው ቀን ከገደል ይወረወራል፤ የሚያድነው የገዛ ሥጋው የጠፋውን ሲመልስ ብቻ ነው። ድርሳም ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ሥጋ አልነበረውም። ናርሚት ትባላለች፤ ዕድሜዋ ገና አሥራ ዘጠኝ ነው። አመድ ተቀብታ «ድንጋዪቱን ሳልይዝ የአባቴን ደጅ አልረግጥም» ብላ ማለች። ራስ ሐርመንም ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ አብሯት እንደሚዘምት ተናገረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

መንገዳቸው አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። ጥላ እንደ ቅቤ የሚቀልጥበትን የጨው ምድር አለፉ። ምንቃራቸው ብረት የሆነ አሞሮች ሲወርዱባቸው ሐርመን በአንድ ሰይፍ መቶ ጣለ፤ ናርሚት በጦሯ ስድስት ጣለች፤ ስድስቱ ግን ትልልቆቹ ነበሩ። ራስ ሐርመን በጉዞው ሁሉ በአጫጭር እግሮቿ ይቀልድባት ነበር። ሁለት እግር ለፈጣሪ የሐሳብ እጥረት ምስክር ነው ይላት ነበር። እሷም አንድ ጊዜ ሲሰናከል አይታው፣ አራት እግር ያለው ሲወድቅ ውድቀቱም አራት ነው ብላ መለሰችለት። ሐርመን ሳቀ። ሳቁ ያማረ ነበርና ወደደችው፤ ወንድም ቢኖራት እንደሱ እንዲሆን ተመኘች።

በጎርፋ ዋሻ ሲገቡ ቀትር ነበር፤ ብርሃኑ በጣሪያው ስንጥቅ ይወርዳል። ሰብአ ላህም በደረቅ ሣር ላይ ተኝቷል። በአጠገቡ ድንጋዪቱ ሰማያዊ ሆና ትበራለች፤ ሣር ጎዝጉዞላት፣ ከነፋስ ሊጋርዳት ጀርባውን ሰጥቷታል። ናርሚት ጦሯን አነሣች። ዐይኗ ከቀንዱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ጉልበቱ ወረደና እግሩ ላይ ቆመ። ጦሩ በእጇ ከበዳት።

«ወርውሪ እንጂ» አለ ሐርመን ከኋላዋ፣ ዝግ ብሎ። «ሳይነቃ።»

«ጌታዬ፣ እግሩን ይዩት።»

«እግር ልታሳይኝ ነው እስከዚህ ያመጣሽኝ?»

«አምስት ጣት አለው። ተረከዙ እንደ አባቴ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አባቴ የሰማው ኮቴ ነው።»

 ናርሚት ዘወር ብላ አየችው። ያ ያማረ ፊት አልተለወጠም፤ ይህ ነበር ያስፈራት።

«የሐቅሊያን ባዶ ዙፋን አይተሽዋል?» አለ ሐርመን። «መቀመጫ ነው። ለእኔ ዘር ወገብ የሚሆን ዙፋን የጠረበ አናጢ እስከ ዛሬ አልተወለደም። እኔው ወስጄ እዚህ ጣልኋት። አውሬውን ገድዬ ድንጋዪቱን ብመልስ ግን ቆሜም ቢሆን ያነግሡኝ ነበር። አንቺን እወድሽ ነበር፣ ልጄ። አለማየት አቃተሽ እንጂ።»

ሰይፉን መዘዘ። በዚያች ቅጽበት ሰብአ ላህም ተነሣና በመካከላቸው ገባ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ በሁለት እግሩ የቆመው እንደ ልቡ ሲዞር፣ ረጅሙ የፈረስ ገላ ግን ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጨ። ሐርመን የበሬውን ትከሻ እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው፣ ከዚያም ወደ ኋላው እያፈገፈገ ወጣ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ነፋስም አይቀድመው። ግልቢያው ወደ ከተማ ነበር፤ ወሬውን ቀድሞ ሊያደርስ።

ናርሚት የሰብአ ላህምን ቁስል በመቀነቷ አሰረች። ድንጋዪቱ የሦስት በሬ ሸክም ናት፤ እሱ በደኅናው ትከሻ አነሣት። ወደ ከተማ ከሄደ ሊገድሉት እንደሚችሉ ሳትደብቅ ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ ቀድሟት መንገድ ጀመረ።

በአርባኛው ቀን ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ደረሱ። ችሎቱ በውስጥ ተሰይሟል፤ ድርሳም እጁን ታስሮ ቆሟል፤ ሐርመን ደግሞ ድርሳም ሳይመጣ ቀድሞ ገብቶ፣ ግንባሩ በአመድ ነጥቶ በመሠዊያው አጠገብ ነበር። ድርሳም በሩን ለአውሬው ከፍቶለታል፣ ልጁም የአውሬው ተባባሪ ናት፣ ብሎ ምሎ ጨርሶ ነበር። ናርሚት ከደጅ ሆና ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ከዚያም ሰብአ ላህም ገብቶ በወለሉ ላይ ይራመድ ዘንድ ለመነች።

የፍርድ እናት የተባለችው አሮጊቷ ዮልዳ ራሷን ነቀነቀች። «ፊት የሌለው ከዚህ ደፍ አያልፍም።»

«ፊቴን አውሰዋለሁ፣ እመቤቴ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ፊት ማዋስ በሕጉ አለ፤ ያደረገው ግን በሦስት መቶ ዓመት አንድም ሰው አልነበረም። ያዋሰ ሰው ሁለት ጉንጩ በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይሰማም፣ ማንም አያየውም፣ ደፉን አይሻገርም፣ ወላጁ እንኳ በስሙ አይጠራውም። የተዋሰውም ደፉን የሚሻገረው አንዴ ብቻ ነው።

«አይሆንም» አለ ድርሳም። «ስድሳ ዓመት ጠግቤ ኖሬያለሁ። ገደሉ ይሻለኛል፣ ልጄ።»

ናርሚት ግን ሻሿን ፈትታ ተንበረከከች። ብረቱ ሲነካት ድምፅ አላሰማችም፤ የጮኸው አባቷ ነበር።

ሰብአ ላህም ደፉን ተሻገረ። ከደጃፉ እስከ መሠዊያው መቶ እርምጃ ነው፤ መቶውንም ሲራመድ የሸማ ኮሽታ ያህል እንኳ አልተሰማም። ድንጋዪቱን በስፍራዋ አኖራት። ከምድር በታች አንድ ነገር ተነፈሰ።

«አሁን ደግሞ እርስዎ፣ ራስ ሐርመን» አለች ዮልዳ። «አንድ እርምጃ።»

ራስ ሐርመን አልተንቀሳቀሰም። አራቱም እግሮቹ እንደ ምሰሶ ቆሙ። ላቡ በግንባሩ ወረደ፤ አመዱንም እያጠበ በአፍንጫው ላይ አወረደው።  በመጨረሻ ወደ ደጃፉ ሲወጣ ኮቴው ወለሉን መታው፤ ደወል የተሰበረ መሰለ። ድርሳም ዐይኑን ጨፈነ።

«ይኸው ነው» አለ። «ያን ጧት የሰማሁት።»

ሐርመንን ከዚያ ወዲያ በሐቅሊያ ያየው የለም። ምንጮቹ በአንድ ጊዜ ፈነዱ፤ ፏፏቴው ሲወርድ ከጩኸቱ የተነሣ ሕዝቡ ሦስት ቀን በምልክት ተነጋገረ።

በሰባተኛው ቀን ሕዝቡ ሁሉ ከቤተ መቅደሱ ምንጭ ሊጠጣ ተሰለፈ። ድርሳም እጁ ተፈትቶ ወደ ዘብነቱ ተመልሷል። ከሰልፉ ርቃ፣ ከደፉ ወዲያ፣ ፊቷን የተሸፈነች አንዲት ሴት ቆማለች፤ ከጎኗ ቀንዳሙ ቆሟል። ማንም አላያቸውም፤ ማየት አይፈቀድምና። ድርሳም ግን አያቸው። ከዚያ ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከሕዝቡ ፊት ወጣ።

«ናርሚት፣ ልጄ፣ ግቢና ጠጪ» አለ። ቀጥሎም ወደ ረጅሙ ጓደኛዋ ዞረ። «አንተም ወንድሜ፣ ግባ።»

ሰልፉ ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ ዮልዳ ተመለከተ።  የፍርድ እናትም በዝግታ፣ ሁለቱ ደፉን ተሻግረው ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።