ጠዋት መስታወትና ፍሬም

መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ ጉዳዩን በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው ካለ፣ ወይ ዘመድ አለው፣ ወይ በር ተሳስቷል። መስታወት ቆራጯ በየቢሮው ዘመድ አልነበራትም። ያላት አንዲት አክስት ናት፤ እሷም ብትሆን ከመጸለይና ከመቆጣት በቀር ለቢሮ የምትሆን ሴት አይደለችም።

ስድስት ዓመት በሰው ሱቅ ተቀጥራ መስታወት ስትቆርጥ ኖራ፣ አሁን የራሷን ልትከፍት ነው። ልትከራየው ያሰበችው ሱቅ ባለቤት፣ «የንግድ ምዝገባ ወረቀትሽን እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣሽ ለሌላ ሰው አከራያለሁ» ብሏታል። ለወሩ መጨረሻ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

መስኮት ቁጥር አራት ላይ ያለው ሹም የንግድ ስሟን ጠየቃት።

«ጠዋት መስታወት» አለችው። ስሙን ያሰበችው የዚያን ዕለት ፊቷን ስትታጠብ ነው። ለአክስቷ እንኳ አልነገረቻትም።

ሹሙ ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ተይዟል። ጠዋት መስታወትና ፍሬም፣ የሽርክና ማኅበር።»

«ማን ያዘው?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሁሉም የእርስዎ ነው። ሸሪክዎ ፍሬም ሠሪ ነው ይላል።»

«እኔ ሸሪክ የለኝም!»

«እንግዲህ መዝገብ ቤት ይጠይቁ» አለና የሚቀጥለውን ተራ ጠራ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን በወረደች ቁጥር የላይኛው ሰው ድምፅ እየራቀ ሄዶ፣ ታች ስትደርስ ከአምፖሉ እዝዝታ በቀር ምንም አይሰማም ነበር። መደርደሪያዎቹ መጨረሻቸው አይታይም። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ተቀምጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «እትዬ መዝገብ» ይላቸዋል።

«ሁለተኛዋም መጣች» አሉ ገና ጉዳይዋን ሳትናገር። «ያ ልጅም ሱቄን ላስመዝግብ ብሎ መጥቶ፣ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ማኅደር ታቅፎ ተቀምጧል።»

አግዳሚው ላይ እጅጌው የእንጨት ብናኝ የለበሰ ወጣት ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሰው የማያውቀውን ሰው ከሚያይበት ጊዜ በላይ አያት፤ እሷም ዓይኗን መንቀል ሲገባት አልነቀለችም። ከዚያ ማኅደሩን ዘረጋላት።

ሽፋኑ ነጥቷል፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቶዋ አለ። ፎቶ ስትነሣ ስቃ የማታውቀው ልጅ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ፊርማው የራሷ ነው፤ ቀኑ የዚህ ወር የመጨረሻ ቀን ነው። ከሥሩ ደግሞ የሚመጣው ዓመት እድሳት፣ የሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ፊርማ አለ።

«እትዬ፣ ይኼ ቀን እኮ ገና አልደረሰም!»

«የቀን ስህተት ነው፣ ልጄ። ማሽኑ ዓመት ያዘልላል።»

«ወረቀቱስ? አርጅቷል እኮ።»

«እዚህ ምድር ቤት የማያረጅ ምን አለ? እኔን አታዪኝም?»

ማኅደሩ እንዲሰረዝ ሁለቱም ከግብር ቢሮና ከወረዳ ማረጋገጫ አምጥተው፣ መስኮት አራት ላይ አብረው ቀርበው፣ መተሳሰር እንደማይፈልጉ በቃለ መሐላ መፈረም አለባቸው። አንዱ ከቀረ አይሰረዝም።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ ሳንጋባ ልንፋታ ነው» አለችው ደረጃውን ሲወጡ።

«ቀድሞ የተፋታ ኋላ አይፋታም ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«እኔ ነኝ። አሁን።»

ሳትወድ በግድ ሳቀች።

እንዲህ ሆኖ በየቢሮው አብረው መንከራተት ጀመሩ። ግብር ቢሮ ማህተም የምትመታው ሴት ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዘንድሮስ በጊዜ መጣችሁ» አለቻቸው። ሁለቱም መጥተው አያውቁም። ወረዳው በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ ደግሞ ሲያዩዋቸው ፊታቸው በራ።

«ልጅቱን ለምን አላመጣችኋትም? ባለፈው ጣቴን ጨብጣ አልለቅ ብላ፣ ስንት ሰው ሳቀብኝ!»

«የቷን ልጅ፣ አባባ?» አለ ፍሬም ሠሪው ቀስ ብሎ።

ዘበኛው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ። «ሰው አመሳስዬ ይሆናል» አሉና ወንበራቸው ላይ ተመለሱ፤ ግን ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ቀሩ።

ወረፋ ደግሞ ሰው ያቀራርባል። አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ሥራቸው ያወራሉ።

«መስታወት ሊሰበርብሽ ሲል ታውቂያለሽ?»

«አዎ። የመቁረጫው አልማዝ ቅጭ እያለ ከሄደ በልኩ ይቆረጣል። ዝም ካለ ተጠንቀቅ።»

«አንቺም ዝም ስትይ ልጠንቀቅ?»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በስድስተኛው ቀን የእርምጃውን ድምፅ ከመቶ ሰው መሃል መለየት ጀመረች። ወደደችው፤ ሌላ ስም የለውም።

አክስቷ ታሪኩን ሰምታ መጀመሪያ ሳቀች። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ። አንቺንስ መንግሥት ራሱ አዝሎሻል፣ ምን ቀረሽ?» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ግን አልወደድኩትም፣ ልጄ። የሰው ቀን አስቀድሞ ሲጻፍ ደግ አይደለም።»

በስምንተኛው ቀን የማኅደሩን ቁጥር ልትገለብጥ ብቻዋን ምድር ቤት ወረደች። እትዬ መዝገብ አልነበሩም። ማኅደሩ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ የሚጠብቃት ይመስል፣ አገኘችው። ከዚያ በፊት እስከ መጨረሻው ገልጣው አታውቅም። ሰባተኛው እድሳት ላይ ሁለት ፊርማ አለ። ስምንተኛው ላይ አንድ፤ የእሷ ብቻ። ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ማመልከቻ አለ፤ «በሞት የተለየ ሸሪክን ስም ስለመሰረዝ» ይላል። ስሙ የእሱ ነው። አመልካች ሆና የፈረመችው እሷ ናት፤ ፊርማዋ ተንቀጥቅጧል።

ከመደርደሪያዎቹ ወዲያ፣ ማንም በሌለበት፣ ገጽ ሲገለጥ የሰማች መሰላትና ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

ማኅደሩ ከተሰረዘ ያ ገጽም አብሮ ይሰረዛል ብላ አሰበች። ያኔ እሱ ይኖራል። ከእሷ የሚጠበቀው አልፈልግህም ማለት ብቻ ነው። ዘበኛው ስላነሷት ልጅ ላለማሰብ ታገለች፤ አልቻለችም።

ሁለት ቀን «እሺ» እና «ደህና» ብቻ እየመለሰች አሳለፈች።

«ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ምንም።»

«ዝም አልሽ እኮ።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ምን ሥራ አላት!

የወሩ መጨረሻ ቀን መስኮት አራት ፊት ቆሙ። ሹሙ አነበበ፤ «ከዚህ ሰው ጋር በሥራም ሆነ በሌላ ጉዳይ ለመተሳሰር ፈቃደኛ አይደለሁም። ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ» አለች። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም።

«እርስዎስ?»

ፍሬም ሠሪው ወደ እሷ ዞሮ አያት። «አልስማማም።»

እጅጌውን ይዛ እየጎተተች ደረጃው ሥር ወሰደችው። «አብደሃል? ፈርም! በእናትህ ፈርም!»

«ለምን?»

«የመጨረሻውን ገጽ ስላላየኸው ነው!» አለችና እንባዋ አመለጣት።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ያን ዕለት አንቺ ሳትመጪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ። ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ላሰርዘው ቁርጥ አድርጌ ነበር። ከዚያ በሩን ከፍተሽ ገባሽ።»

«ትሞታለህ እኮ።»

«ብፈርምስ አልሞትም? ሰባት ዓመት ቆጥረው የሰጡት ሰው ታውቂያለሽ?» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። አንቺ ያን ወረቀት ይዘሽ ብቻሽን እዚያ መስኮት ላይ ስትቆሚ ነው የሚታየኝ። ልነግርሽ ስል አፌ ተሳሰረ። ሸክሙ የአንቺ ስለሆነ ምርጫውም የአንቺ ነው። ይከብደኛል ካልሽኝ አሁኑኑ ገብቼ እፈርማለሁ።»

ማኅደር የያዙ ሰዎች እየገፏቸው አለፉ። ቢሮው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት አልቀረውም። መስታወት ቆራጯ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ከስምንት ዓመት በኋላ የምትቆምበትን ወለል እያየች ነበር። ግን ደግሞ ዛሬ ማታ ብቻዋን ወደ ቤት ስትሄድ ታያት።

«ያኔ ላለማጣት ብዬ ዛሬ ላጣህ?» አለችው ፊቷን በመዳፏ እየጠረገች። «ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?»

ሲመለሱ ሹሙ ተበሳጭቷል። «እናንተ ሰዎች፣ ትሰርዛላችሁ ወይስ ትመዘገባላችሁ?»

«እንመዘገባለን» አለች።

ሹሙ ተነፈሰ፤ አዲስ ቅጽ አወጣ። የሥራውን ዓይነት ጠየቀ፣ አድራሻውን ጠየቀ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ «የማኅበሩ ዘመን?» አለ። «የተወሰነ ነው ያልተወሰነ?»

ፍሬም ሠሪው ዓይኑን ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ወረወረ። ከምድር ቤቱም፣ ከላይኛው ፎቅም አንዳች ድምፅ አልነበረም።

«ቀላል ጥያቄ ነው እኮ» አለ ሹሙ።

የሸሪኳን እጅ ያዘች። ቀዝቅዟል፤ አጥብቃ ያዘችው።

«ያልተወሰነ» አለች። «ያልተወሰነ ብለው ይጻፉልን።»

ሹሙ ቀና ብሎ ሳያያቸው ጻፈ፤ ማህተሙንም መታበት።