የተዘጋው በር

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቡራዩ ላይ አላባራም። የሙሄዲን ጫማ መሥሪያ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ትእዛዝ አልመጣለትም። ከአሥራ ዘጠኝ ሠራተኛ አራት ቀረ። የመሥሪያው የኢሜይል ማሽን የአጭበርባሪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ ሙሄዲን የሚልከው ሁሉ ሳይነበብ ከአይፈለጌ መልእክት ጋር ይጣል ነበር። ነሐሴ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቢሮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሻዩ መርዝ ነበረበት።

ኢንስፔክተር ባይሳ ሬሳውን አየ። ምንም አልተሰማውም። ሰውየውን ግን ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ ግቢ ዕቃ ተሰርቆ፣ ባይሳ ተከራዩን ሁሉ አሰረ። ከእነሱ አንዱ ሙሄዲን አርባ ቀን እስር ቤት ከርሞ ወጣ፤ ሌባው ሌላ ነበር። «ንጹሕ ነው» ብሎ የጻፈለት ግን የለም።

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለሰበታው ሱቃችን ኢሜይል ልኳል» አለ የሙሄዲን ወንድም የህያ። «‹በቃኝ፣ ይቅር በሉኝ› ይላል።»

«ኦቦ ባይሳ» አለች የሟቹ ሚስት ሃዋ ከበሩ ሳትነቃነቅ። «ሙሄዲን ራሱን አይገድልም። ልጆቼ በዚህ ስም አያድጉም።»

የመሥሪያውን ማሽን የሚይዘው የኮምፒውተር ባለሙያ ጆኒ ማስቲካ ያኝካል።

«ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን አየሁለት፣ ሻይ ጠጣን። ከሦስት ተኩል ጀምሮ ሱሉልታ ቤቴ ነኝ፤ ጎረቤት ይመስክር። አራት ሰዓት ላይ የጻፈን ሰው እንዴት እገድላለሁ ፋዘር? መንፈስ ነኝ እንዴ?»

ባይሳ ሰበታ ወርዶ የሱቁን ጸሐፊ ጣቢታን ጠየቃት።

«ኢሜይሉን ከየት አገኘሽው?»

«ከደህናዎቹ መልእክቶች ጋር፣ ከላይ ነበር። ከፍቼ አነበብኩት።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«የጋሼን ኢሜይል በየጠዋቱ ከአይፈለጌው ክምር እለቅማለሁ። እንደ ምስር።»

ባይሳ እርሳሱን አስቀመጠ።

በማግስቱ አራቱን ሙሄዲን ቢሮ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«የህያ፣ ከዚህ ማሽን ለጣቢታ አንድ ነገር ላክላት።»

ጣቢታ ስልኳን አየች። «ክምሩ ውስጥ ገባ።»

«ጥቁር መዝገቡ ሰው አያውቅም» አለ ባይሳ። «የሚያውቀው ደብዳቤው የወጣበትን በር ነው። ይህ በር ዛሬም ዝግ ነው። የስንብቱ ኢሜይል ግን ከላይ ገባ። ስለዚህ ከዚህ አልተላከም። በሙሄዲን ስም ከሌላ በር ነው የወጣው። ያን ማስመሰል የሚችል ከእናንተ አንድ ሰው ነው። ኢሜይሉ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሙሄዲን አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር የሚያሰኝ ነገር የለም። ቀድሞ ከእሱ ጋር ሻይ የጠጣው ማነው?»

ጆኒ ማኘኩን አቆመ።

ባይሳ ከሙሄዲን መሳቢያ ያገኘውን ወረቀት ዘረጋ። «ሙሄዲን ለምን እንደተዘጋበት ጠይቆ ያገኘው የጥቁር መዝገቡ ያዦች መልስ ነው። ከዚህ ማሽን አርባ ሺህ ማስታወቂያ ተልኳል ይላሉ። እየተከፈለህ የላክኸው አንተ ነህ፤ የተዘጋበት እሱ ነው። ሊከስህ ሲል ገደልከው።»

«የእኔ ኢሜይል ሁሌ ይደርሳል» አለ ጆኒ ቀስ ብሎ። «በሩን ረሳሁት።»

ሲወስዱት የህያ ግድግዳውን ያይ ነበር።

ባይሳ ከፖሊስ መዝገቡ ላይ «ራሱን አጠፋ» የሚለውን ሰረዘ። ከዚያ ማኅተም ያረፈበት ሌላ ወረቀት ለሃዋ ሰጣት።

«ይኼ ደግሞ የምኑ ነው?»

«የአርባው ቀን እስር። ‹ንጹሕ ነው› ይላል። ሃያ ዓመት ዘገየሁ።»

ሃዋ አነበበችው፤ አጠፈችው።

«ሲጠብቀው ነበር» አለች።

ባይሳ ኮፍያውን አነሳ። ዝናቡ አላቆመም።