ጠዋትና ማታ የጠጣ እንጆሪ

ልብስ ሰፊዋ ቀያሹን ያወቀችው በተቀደደ ሱሪ ነው። የሽቦ አጥር ሲሻገር የተተረተረውን ሱሪ በላስቲክ ጠቅልሎ ሱቋ ገባና፣ «እህቴ፣ አጥሩ ድንበሬን ገፋብኝ» አላት።

«የሰው ድንበር እየለካህ የራስህን ማስከበር አቃተህ?»

ሳቀ። ሱሪው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላም መመላለሱን አልተወም።

እናቱ ግን ሰው በቀላሉ አይወዱም ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዓይናቸው ከአንድ ልጃቸው ላይ አይነቀልም። ለመስክ ሥራ ሊሄድ ሲል በጓሮው የተከለውን እንጆሪ ለልብስ ሰፊዋ አደራ ሰጣት።

«ጠዋት ጠዋት ብቻ አጠጪው፤ ከሥሩ፣ ውሃው መሃል ልቡን ሳይነካ። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ አጠገቧ ስትውዪ ትለምድሻለች። ከወደደችሽ፣ ስመለስ ቀን እንቆርጣለን።»

ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ትመጣለች። ፍሬው አፈር እንዳይነካው ከሥሩ ጭድ አነጠፈች፤ የደረቀውን ቅጠል ለቀመች፤ ከእናት ተክሉ እየተሳቡ የሚወጡትን ቀጫጭን ሐረጎች ቆረጠች። እናትየው ከበረንዳው ሆነው ያዩዋታል።

«አይ የመርፌ እጅ! ጠብ ጠብ አርጎ መሄድ ማጠጣት ሆነ?»

«ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል ብሎኛል እኮ፣ እማማ።»

«እሱን ራሱን በጠብታ መሰለሽ ያሳደግኩት?»

ውሎ አድሮ አፈሩ በማለዳ እርጥብ ሆኖ ይጠብቃት ጀመር። ጤዛ መሰላት። ብትተወው ደግሞ «ዛሬ ሳታጠጣ ሄደች» መባሉን ፈራች። አጠጣች።

ቀያሹ አንድ ምሽት ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ ልትቀበለው መጣች። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ የቀላው ፍሬም ግራጫ ሻጋታ ለብሷል።

«ይኸው፣ የመረጥካት!» አሉ እናትየው። «አደራ በላ!»

ቁጢጥ ብሎ አንዱን ነቀለው። ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ቀና ሲል ዓይኑ በእናቱ ነጠላ ጫማ ላይ አረፈ፤ እስከ ተረከዙ ጭቃ ነው። ከበሩ ጥግ ባልዲው ገና ይንጠባጠባል። እናትየው እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሰበሰቡ።

ልብስ ሰፊዋ ማየቱን አየች።

«እኔ ጠዋት ብቻ ነው ያጠጣሁት» አለች።

«ታዲያ ማታ ማታ ጋኔን ነው ያጠጣው?» አሉ እናትየው።

ልብስ ሰፊዋ ቀያሹን ጠበቀችው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እሱ አፈሩን ከጣቶቹ ሲያራግፍ ቆየ።

«በቃ፣ ይቅርታ በያትና ይለፍ» አላት። «ተክል ነው፤ ሌላ ይተከላል።»

«ይቅርታ፣ እማማ» አለች። ድምጿ አልተሰበረም።

በር ላይ ደረሰባት።

«አይቻለሁ» አላት በሹክሹክታ። «እማዬ ናት ያጠጣችው። ግን እናቴ ናት፣ ምን ልበላት? አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

«ዛሬማ ቻልኩት።»

«ታዲያስ?»

«ባታይ ኖሮ ነገም እችለው ነበር።»

ክንዷን ያዛት። ልታስለቅቀው አልታገለችም፤ እስኪለቃት ጠበቀች። ለቀቃት።

መንገዱን እንደጀመረች የእናትየውን ድምፅ ሰማች፦ «ልጄ፣ ና እንጂ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!»

ዞር ሳትል እርምጃዋን አዘገየች፤ ኮቴውን አዳመጠች።

የሚሄደው ወደ ቤት ነበር።