አኮርዲዮኑ ከሃምቡርግ ሲደርስ

የካርጎው ሠራተኛ ሣጥኑን በባንኮኒው ላይ ገፋላት። በስዋሂሊ «ሀያ፣ ዳዳ»፣ እሺ እህቴ፣ አለና የምትፈርምበትን አሳያት።

ሠርክ ፈረመች።

በናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ለሚያያት ሁሉ፣ ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር ላለችው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከአውሮፓ የምታስመጣ ዘማሪ ናት። ለስለላ አለቃዋ ግን በምስጢር ስሟ «ጽጌ» ነበረች። ናይሮቢ የተላከችውም አሁን ከጎኗ ለቆሙት ሽማግሌ ነው።

ጋሽ ባንታየሁ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ምስጢራዊ የራዲዮ መልእክት ይፈቱ ነበር። ዛሬ ስደተኛ ናቸው፤ የመዘምራኑ አኮርዲዮን ተጫዋች።

መሣሪያውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። በመርከብ እንዳይመጣም ለምነዋታል። ሞምባሳ ወደብ ላይ ኮንቴይነሩ ሲግል፣ የድምፅ ምላሶቹን የያዘው ሰም ይቀልጣል ብለው። በአውሮፕላን አስመጣችው። ሊያዩት እንደሚመጡ ታውቅ ነበር።

አለቃዋ «ዋርካ» ቃል ገብቶላታል። ሰዎቹ ሽማግሌውን ያነጋግሯቸዋል፤ ሥራ ያቀርቡላቸዋል፤ እምቢ ካሉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሰዎቹ እንዲቀርቡ የምትሰጠው ምልክት ሻርፗን መፍታት ነው።

ሽማግሌው ተንበርክከው ሣጥኑን ከፈቱ። ወናፉ በቀበቶ ታስሯል፤ ጥጋጥጉ በስፖንጅ ተጠቅጥቋል። የሚያውቅ ሰው ነው ያሸገው ብለው ተደሰቱ።

ሠርክ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ሰሌዳ የሌለው ቫን ቆሟል። በተከፈተው በር ውስጥ አንድ ሰው መርፌ ያዘጋጃል።

ለንግግር መርፌ አያስፈልግም።

ሻርፗን አልፈታችም። ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ሊወስዱዎት መጥተዋል። በጓሮ በር ይውጡ።»

ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ?»

«አዎ።»

አልተቆጧትም። «ለባለቤቴ ለዓይናለም ንገሪያት» ብለው ጀመሩ፤ ምን እንደምትነግራት ግን አልጨረሱም። ተነሥተው ወደ ጓሮው በር ሄዱ።

እዚያም ሰው ነበር።

ሠርክ ልትሮጥ ስትል አንድ ሰው ክንዷን ያዛት። ዋርካ ነው።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«የገባሁልሽ እንድትሠሪልኝ ነው።»

ምልክት ብትሰጥም ባትሰጥም ሰዎቹ ትእዛዝ እንደነበራቸው በእርጋታ አስረዳት። የመጋዘኑ ጥበቃ ፊቱን አዞረ። የቫኑ በር ሲዘጋ ሰማች። አኮርዲዮኑ ወለሉ ላይ ቀረ።

ዋርካ አዲስ ፓስፖርት ኪሷ ውስጥ ከተተላትና ዛሬውኑ ወደ ካምፓላ እንድትወጣ አዘዛት።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው የሳንቲም ስልክ ሳውዝ ሲ ደወለች። የጋሽ ባንታየሁ ሚስት አነሡ።

«ሠርክዬ፣ አንቺ ነሽ? ጉምሩክ አስቸገራችሁ አይደል? ምሳ አቆይቼላችኋለሁ።»

የት እንደወሰዷቸው አታውቅም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። እትዬ ዓይናለም «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ። ስልኩ የመጨረሻውን ሳንቲም ውጦ እስኪቋረጥ ድረስ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ያዘች።

ከዚያ ተሰለፈች። ትኬት ቆራጩ ስሟን ጠየቃት።

አዲሱን ስም ሳትደናቀፍ ተናገረች።